«አረፍ በይ» ያልናት እናት

(በጆሃንስበርግ፣ ሮዘተንቪል፣ በእሁድ አምልኮ ላይ ከተሰበከ ስብከት ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)

 

ዛሬ የማካፍላችሁ ቃል ትንሽ ለየት ይላል። ስለ አእምሮአችን ነው። ጌታ በራስ ቅላችን ውስጥ ስላስቀመጠው፣ አንድ ኪሎ ተኩል እንኳ ስለማይሞላው ሥጋ ነው የምናገረው። ዕድሜ ሲገፋ እንዴት እንደምንጠብቀው፣ እንዴት ከሥራ እንዳይወጣ እንደምናደርግ እንነጋገራለን። «ፓስተር፣ ይህ የሐኪም ጉዳይ አይደለም ወይ?» የምትሉኝ አላችሁ። ታገሡኝ። የሐኪምም የቤተ ክርስቲያንም ጉዳይ ነው።

ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 9ን ግለጡ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች ተመልከቱ። እዚህ የምናገኘው ዳንኤል በልጅነቱ ተማርኮ ባቢሎን የገባው ብላቴና አይደለም። ከአገሩ ከወጣ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዕድሜው ሰማንያ አካባቢ ቢሆን ነው። ነገሥታት አልፈዋል፣ ባቢሎን ራሷ ወድቃለች፣ አሁን የሜዶንና የፋርስ ዘመን ነው። ታዲያ ይህ ሽማግሌ ስደተኛ ምን ሲያደርግ እናገኘዋለን? ሲያነብ! የኤርምያስን መጽሐፍ ይዞ ዓመት ይቆጥራል። ሰባው ዓመት መቼ እንደሚሞላ ያሰላል። አንብቦም ዝም አላለም፤ የገባውን ይዞ ወደ ጸሎት ገባ።

ወገኖቼ፣ በስደት አገር ያረጀ ሰው ይህን ያህል ንቁ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እኛም በስደት አገር እያረጀን ነው። በሃያ ዓመታችን የገባን ሰዎች ዛሬ ሽበት ወጥቶብናል። እናትና አባቶቻችንን ያመጣን አለን። ስለዚህ ይህ መልእክት ለሁላችንም ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ።

እናቴ ደሴ ነው ያደገችው። ፊደል አልቆጠረችም፤ ይሁን እንጂ የሰፈሩ እድር ገንዘብ ያዥ ነበረች። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ማን የሦስት ወር ዕዳ አለበት፣ ሁሉም በጭንቅላቷ ነበር። ጸሐፊው ደብተሩን ሲገልጥ እሷ ቀድማ ትናገራለች። አንድ ቀን ደብተሩና እናቴ ተለያዩ፤ ቢጣራ የተሳሳተው ደብተሩ ሆኖ ተገኘ።

አባቴ ሲያርፍ ወደዚህ ወደ ሮዘተንቪል አመጣኋት። ደስታዬን አትጠይቁኝ። «እማዬ፣ በቃሽ፣ ብዙ ለፍተሻል፣ ከእንግዲህ አረፍ በይ» አልኳት። ባለቤቴም ከፍቅር የተነሣ ድስት እንድትነካ አልፈቀደችላትም። ገበያ ልሂድ ስትል «ሰፈሩ አስጊ ነው፣ ይቅርብሽ» አልናት። ቡና ልቁላ ስትል «ጭሱ ለጤናሽ አይሆንም» አልናት። ገንዘብ አትይዝም፣ ቁልፍ አትይዝም። ጠዋት እኔና ባለቤቴ ወደ ጄፒ፣ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት እንሄዳለን። እሷ ከብረት ፍርግርጉ ኋላ ከቴሌቪዥኑ ጋር ትቀራለች። ማታ ደክሞን ስንገባ «በላሽ ወይ? ደህና ነሽ?» ብለን እንተኛለን። እኛ እናታችንን ያከበርን መስሎን ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ለውጥ አየሁባት። አንዱን ጥያቄ አራት ጊዜ ትጠይቃለች። ወሬ ስናወራ መሀል ላይ ትጠፋለች። ያላልነውን ትመልሳለች። የማታ ጸሎት ስናደርግ ታንቀላፋለች። እኔ ምን አደረግሁ? አገልጋይ ነኝና የማውቀውን አደረግሁ። እጄን ጭኜ የመርሳት መንፈስ ብዬ ገሠጽኩ። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ። ድምፄን ከፍ አድርጌ በገሠጽኩ ቁጥር እሷ ትደነግጥ ነበር። አንድ ቀን ጸሎቱ ሲያልቅ ቀስ ብላ «ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ።

ወገኖች፣ ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

በመካከላችን ያለች አንዲት ነርስ እህት ናት ያዳነችን። ከአምልኮ በኋላ ቀረበችና በትሕትና «ፓስተር፣ የእማማ ጆሮ ይሰማል ወይ? ግፊታቸውስ ተለክቶ ያውቃል?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። ወስደን አስመረመርናት። ግፊቷ በጣም ከፍ ብሏል። አንድ ጆሮዋ ከግማሽ በላይ አይሰማም። ቫይታሚን ቢ12 የሚባለውም ከሰውነቷ አንሷል። ያልጠየቅነውን የመለሰችው ጥያቄያችንን ስላልሰማች ነበር! እኔ መንፈስ ስገሥጽ የእናቴ ጆሮ መሣሪያ ይጠብቅ ነበር።

ጸሎት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ ተረዱኝ። በጸሎት አምናለሁ፤ ጌታ ዛሬም ይፈውሳል። ጳውሎስ ግን ልጁን ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ሲመክረው የሚወስደውን ነግሮታል፤ ጸልይ ብቻ ብሎ አልተወውም። ሉቃስም ሐኪም ነበር። ጸሎትና ሕክምና ጠላቶች አይደሉም።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትንና ከሐኪሞች የተማርኩትን በቃሉ ብርሃን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፤ አእምሮ ሲያረጅም ይማራል።

«ያረጀ አይማርም» የሚለውን አባባል ከዛሬ ጀምሮ ጣሉት። ከሰውነታችን ክብደት ከመቶ ሁለት እጅ ብቻ የሆነው አእምሮ፣ ከምንበላው ጉልበት ከመቶ ሃያ ያህሉን ይወስዳል። ይህን ሁሉ የሚወስደው ዘወትር ሥራ ላይ ስለሆነ ነው። ሰው አዲስ ነገር ሲማር በሕዋሳቱ መካከል ያለው መንገድ ይጠነክራል፤ ካልተሄደበት ሣር ይበቅልበታል። የለንደን ባለታክሲዎች ፈቃድ ለማግኘት በሺህ የሚቆጠሩ መንገዶችን በቃላቸው መያዝ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 ተመራማሪዎች ጭንቅላታቸውን በምርመራ መሣሪያ ሲያዩ፣ ቦታን ለማስታወስ የሚያገለግለው የአእምሮ ክፍል የኋለኛው ጫፍ ከሌላው ሰው ሰፍቶ አገኙት። ሥራው አእምሯቸውን አስፍቶታል።

ሌላም ልንገራችሁ። በአሜሪካ 678 መነኮሳት ለጥናት ፈቃደኛ ሆኑ፤ ጥናቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በየጊዜው የማስታወስ ፈተና ይወስዱ ነበር፤ ሲያርፉም አእምሯቸው እንዲመረመር ፈቀዱ። ከእነርሱ አንዷ እህት ሜሪ ረጅም ዘመን አስተማሪ ነበሩ። በ101 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ፈተናውን በደንብ ያልፉ ነበር። ካረፉ በኋላ አእምሯቸው ሲታይ ግን የአልዛይመር በሽታ ምልክት በብዛት ተገኘበት። በሽታው ነበረ፤ ነገር ግን ሴትዮዋን አላሸነፋቸውም! እንዴት? ተመራማሪዎች «ክምችት» ይሉታል። በዘመኑ ሁሉ የተማረ፣ ያስተማረ፣ ያሰበ ሰው ትርፍ ያጠራቅማል። አንዱ መንገድ ሲዘጋ በሌላው ይሄዳል።

ይህን ስሰማ ዮሴፍ ትዝ አለኝ። በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ጎተራ ሞላ፤ ሰባቱ የራብ ዓመታት በመጡ ጊዜ ግብፅ አልጠፋችም። ራቡ አልቀረም፣ መጣ። ጎተራ የሞላ ግን ቆመ። አንተ በአርባና በሃምሳ ዓመትህ ያለኸው ወንድሜ፣ ጎተራህን ዛሬ ነው የምትሞላው።

ሁለተኛ፤ አእምሮን መጠበቅ ሰውነትን ከመጠበቅ ይጀምራል።

በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው የመርሳት በሽታ እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2024 በላንሴት መጽሔት የተሰበሰቡ ሊቃውንት ለዚህ በሽታ የሚያጋልጡ ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 ነገሮችን ዘረዘሩ። እነዚህ ሁሉ ቢስተካከሉ በዓለም ካለው የመርሳት በሽታ ግማሽ የሚጠጋውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል አሉ። ከዝርዝሩ ውስጥ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ክፉው ኮሌስትሮል፣ ውፍረት፣ ሲጋራ፣ የበዛ መጠጥ፣ አለመንቀሳቀስ፣ ያልታከመ ጆሮ፣ ያልታከመ ዓይን፣ የመንፈስ ጭንቀትና ብቸኝነት አሉበት። ብቸኝነት! ሰው ብቻውን ይሆን ዘንድ መልካም እንዳልሆነ እግዚአብሔር ገና በኤደን ተናግሯል፤ ሳይንስ አሁን ደረሰበት።

አሁን እንነጋገር። ስንቶቻችን ነን ግፊታችንን የምናውቅ? እጅ አታውጡ፣ በልባችሁ መልሱ። ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ ያላችሁ ወንድሞች፣ ከንጋት እስከ ምሽት በፍርግርግ ውስጥ ቆማችሁ ትውላላችሁ። ምሳችሁ ኮታ ነው፣ መጠጣችሁ ኮካ ነው፣ እንቅልፋችሁ አራት ሰዓት ነው። በሳምንት ሰባት ቀን! ለቤተሰብ እንደምትለፉ አውቃለሁ፤ ጌታም ያውቃል። ነገር ግን ግፊት የአእምሮን ቀጫጭን የደም ሥሮች በዝምታ ነው የሚጎዳው። በአርባ ዓመትህ ያልለካኸውን በሰባ ዓመትህ ትከፍለዋለህ። ክሊኒክ ሂዱ፣ ተለኩ፣ መድኃኒት ከታዘዘላችሁም «ተሻለኝ» ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ።

መራመድም አለ። 120 አረጋውያን ተሳትፈውበት በነበረ አንድ ጥናት፣ ግማሾቹ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አርባ ደቂቃ እንዲራመዱ ተደረገ። ከአንድ ዓመት በኋላ የተራመዱት ሰዎች የማስታወሻ ክፍል በዕድሜ ምክንያት መቀነስ ሲገባው ሁለት ከመቶ ጨምሮ ተገኘ። አርባ ደቂቃ መራመድ ገንዘብ አይጠይቅም። እርግጥ የሰፈራችንን ነገር አውቃለሁ፤ ሽማግሌ ብቻውን አይላክም። እኛ አሁን ቅዳሜ ጠዋት ተሰባስበን፣ ወጣቶች ከፊትና ከኋላ ሆነው፣ ሞፋት ፓርክ እንወስዳቸዋለን። አንዳንዱ አባት ከወጣቱ ቀድሞ ይሄዳል። ሃሌሉያ!

ሦስተኛ፤ አእምሮ የሚሠለጥነው በሚከብደው ነገር ነው።

የተተረጎመ ድራማ ቀኑን ሙሉ ማየት ልምምድ አይደለም። ስልክ ላይ ጣት ማንሸራተትም አይደለም። ለሃያ ዓመት የሠራችሁትን ያንኑ ነገር መደጋገምም ብዙ አይረዳም። እግር የሚጠነክረው በዳገት ነው። ካሌብን አስታውሱ፤ ኢያሱ ምዕራፍ 14። 85 ዓመት ሞልቶታል። ምድር ሲካፈል ሜዳ አልጠየቀም። ኃያላን የሚኖሩበትን፣ የተመሸጉ ከተሞች ያሉበትን ተራራማ አገር ነው የለመነው። ያረጀ ሰው ዳገት ለመነ!

የእኛ ዳገት ምን ሊሆን ይችላል? የሚጠቅሙ ልምምዶችን ልስጣችሁ።

በየሳምንቱ አንድ ጥቅስ በቃል ያዙ። ትልልቆቻችን በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ በየቤቱ ተሰብስበው ቃሉን በልባቸው ይይዙ ነበር፤ መጽሐፍ ቢወሰድ ልብ አይወሰድምና። ዛሬ መጽሐፍ ቅዱሱ ስልካችን ውስጥ አለ፣ ከልባችን ግን ወጣ። እሁድ ስትመጡ ያለ ስልክ በሉት።

አዲስ ቋንቋ ተማሩ። ዙሉ ተማሩ። እናቴ በሰባ ሁለት ዓመቷ ከጎረቤታችን ከአንዲት የዙሉ ጎጎ «ሳውቦና» ማለትን ተማረች። ትርጉሙ «አየንህ፣ አየንሽ» ማለት ነው። ሁለቱ አሮጊቶች በአጥር ላይ «ሳውቦና» ሲባባሉ ብታዩ! ቋንቋው ብቻ አይደለም፤ አንዲት ብቻዋን የምትውል እናት በጎረቤት ታየች።

ከልጅ ልጆቻችሁ ጋር ገበጣ ተጫወቱ። ጠጠር መቁጠር፣ ሁለት እርምጃ ቀድሞ ማሰብ፣ የሌላውን ሐሳብ መገመት፣ ሁሉም ልምምድ ነው። እንቆቅልሽ ተጫወቱ። እናቴ ማታ ማታ «እንቆቅልህ» ስትል የመጨረሻው ልጄ «ምን አውቅልሽ» ይላል። መልሱን ሲያጣ «አገር ስጠኝ» ትለዋለች። እሱም የሚያውቀውን ይሰጣል፤ «ጆሃንስበርግን ውሰጂ!» «እሱን ለራስህ ያዘው፣ ደሴን አምጣ!» ትለዋለች። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ልጁ አማርኛ ይማራል፣ እሷ ታስባለች፤ ሁለቱም ያተርፋሉ።

አስተምሩ። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። መዝሙር 71 ላይ ሽማግሌው ሲጸልይ፣ በሸበተ ጊዜ እንዳይጣል ይለምናል። የሚለምነው ግን ለማረፍ አይደለም፤ የእግዚአብሔርን ኃይል ለሚመጣው ትውልድ እስኪናገር ድረስ ነው። ለእናቴም መድኃኒት ከሆኑት አንዱ ይህ ነው። ቅዳሜ ልጆቹ ፊደል ሊማሩ ሲመጡ ፊደል ባትቆጥርም ተረት ትነግራቸዋለች፣ ቡና አፈላል ታሳያቸዋለች፣ የማን ልጅ እንደሆኑ እስከ ሰባት ቤት ትቆጥርላቸዋለች። የምትጠበቅበት ቦታ አገኘች። «ቅዳሜ ነው፣ ልጆቹ ይመጣሉ» ብላ በጠዋት ትነሣለች። ወገኖቼ፣ ሰው የሚጠብቀው ካለ ይነሣል።

በፊንላንድ 60 ዓመት ያለፋቸው 1,260 ሰዎችን ይዘው ለሁለት ዓመት ሞክረውታል። ለግማሾቹ ጤነኛ ምግብ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ የአእምሮ ልምምድና የግፊት ክትትል በአንድነት ሰጧቸው፤ ለሌሎቹ የተለመደውን የጤና ምክር ብቻ። በአንድነት የተሰጣቸው በአእምሮ ፈተና የተሻለ ውጤት አመጡ። «በአንድነት» የሚለውን ያዙ። እንቆቅልሽ እየፈቱ ግፊትን መተው፣ እየተራመዱም ብቻ መኖር አይበቃም።

አራተኛ፤ ጌታ ለሽማግሌዎች ሥራ አለው።

እዚሁ በምንቀመጥበት ሮዘተንቪል ቅዱስ ጴጥሮስ የሚባል የነገረ መለኮት ኮሌጅ ነበር። ዴዝሞንድ ቱቱ ለክህነት የተማሩት እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ከሊቀ ጳጳስነት ጡረታ ሲወጡ ዕድሜያቸው 65 ሊሞላ ነበር። አረፍ ብለው መቀመጥ ይችሉ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ሥራውን ሲጀምር በሊቀ መንበርነት ተቀመጡ፤ የዚህን አገር ሕዝብ እንባ ቀን ከቀን ሰሙ።

ወደ አገራችንም እንሂድ። ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ከባለቤታቸው ከዶክተር ሬጂናልድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ሲገቡ ውላቸው የሦስት ዓመት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ፤ ከሦስት ዓመቱ ይልቅ ስልሳ ዓመት ቆዩ። ክርስቲያን ሴት ነበሩ፤ ዘጠና ዓመት ሲሞላቸውም በሥራቸው ላይ ነበሩ። በ2020 በ96 ዓመታቸው እዚያው አዲስ አበባ አረፉ። ማንም «እማማ፣ በቃዎት፣ ከቴሌቪዥን ጋር ይቀመጡ» አላላቸውም። ብዙ ሺህ የተጣሉ ሴቶች ወደ ቤታቸው በደስታ ተመለሱ።

በሉቃስ ወንጌልም ሐና አለች፤ 84 ዓመት የሆናት ባልቴት። ከቤተ መቅደስ አትለይም ነበር። ሕፃኑን ኢየሱስን አይታ ለሚጠብቁት ሁሉ ተናገረች። የወንጌል የመጀመሪያዎቹ ምስክሮች ውስጥ አንዲት አሮጊት አለች! እኛ ግን አሮጊቶቻችንን በኋላ ወንበር አስቀምጠን ማይክሮፎኑን ለወጣት ብቻ ሰጠን።

አምስተኛ፤ ይህን ሁሉ አድርገንም በሽታው ሊመጣ ይችላል።

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ። ጎተራ ራብን ያስታግሣል እንጂ አያስቀረውም። የሚጸልዩ፣ የሚያነቡ፣ ጥቅስ የሚያጠኑ ቅዱሳንም በዚህ በሽታ ይያዛሉ። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም፣ እርግማን አይደለም፣ የተሰወረ ኃጢአት ቅጣት አይደለም። ይስሐቅ በስተርጅና ዓይኖቹ ፈዘዙ። ንጉሥ ዳዊት በልብስ ላይ ልብስ ቢደረብለትም አልሞቅ አለው። ቤርዜሊ ሰማንያ ዓመት ሲሞላው የሚበላውን ጣዕም መለየት፣ የዘፋኞችን ድምፅ መስማት እንዳቃተው ለንጉሡ በግልጽ ተናገረ። ንጉሡም አልናቀውም፤ ሳመው፣ ባረከው።

ስለዚህ ምልክት ስታዩ አትደብቁ፣ አትፈሩ። በየቀኑ የሚታወቅ መንገድ ሲጠፋ፣ አንድ ጥያቄ ሲደጋገም፣ ገንዘብ መቁጠር ሲያቅት፣ ጠባይ ባልተለመደ መንገድ ሲለወጥ ወደ ክሊኒክ ውሰዱ። አንዳንዱ መርሳት ከቫይታሚን ማነስ፣ ከታይሮይድ እጢ፣ ከጭንቀት፣ ከሚወሰድ መድኃኒት ወይም ከኢንፌክሽን የሚመጣና የሚታከም ነው። ካላስመረመራችሁ አታውቁትም። ዕውቀት የሌለው ሰው በቤቱ እየገሠጸ ያስደነግጣል፤ እኔ አድርጌዋለሁ፣ እናንተ አታድርጉት።

በሽታው ከሆነም በትዕግሥት ያዙ። «ነግሬሽ አልነበር?» አትበሉ። አልጠበቀችውምና ነው። በልጆች ፊት አታሳፍሯት። ቶሎ የሚጠፋው የቅርቡ ነው፤ የቆየው ግን ይዘገያል። ስለዚህ የድሮውን አንሡላት፤ የድሮ መዝሙር ዘምሩላት፣ ቡና አሽትቷት። የሚንከባከበውንም ሰው አስቡ። በብዙ ቤት ሸክሙ ያረፈው በአንዲት ምራት ወይም በአንዲት ሴት ልጅ ጫንቃ ላይ ነው። እህቶች፣ ሐሙስ ከሰዓት ሄዳችሁ «እኔ ከእማማ ጋር እቀመጣለሁ፣ አንቺ ተኚ» በሏት። ይህ አምልኮ ነው።

አሁን ልጨርስ።

እናቴ ዛሬ ሰማንያ ሊሞላት ነው። ጆሮዋ ሲሰማ፣ ግፊቷ ሲወርድ፣ ሥራ ሲሰጣት አምስት መልካም ዓመታት ጌታ ጨመረልን። ያለፈው ዓመት ግን ሐኪሙ ስሙን ነገረን፤ አልዛይመር ነው። ባለፈው ወር አንድ ማታ ከሥራ ስገባ ትክ ብላ አየችኝና በአባቴ ስም ጠራችኝ። «እኔ ልጅሽ ነኝ» አላልኳትም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጄን ያዘችና በልጅነቴ ታስጸልየን የነበረውን ጸሎት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል ሳትስት ጸለየች። ስሜን ረስታለች፤ ጌታዋን አልረሳችም።

ቢሆንም ወገኖቼ፣ ነገ እሱንም ብትረሳስ? ኢሳይያስ ምዕራፍ 49ን በቤታችሁ አንብቡ። ጌታ እዚያ ሴት የወለደችውን ልጅ ትረሳ እንደሆነ ይጠይቃል። ትችላለች፣ ልትረሳ ትችላለች ይላል። እርሱ ግን አይረሳም፤ በእጁ መዳፍ ላይ ቀርጾናል። መዳናችን የተንጠለጠለው እኛ እርሱን በማስታወሳችን ላይ አይደለም፤ እርሱ እኛን በማስታወሱ ላይ ነው! በምዕራፍ 46 ደግሞ እስከ ሽበት እንደሚሸከመን ተስፋ ሰጥቷል። የሚሸከም አምላክ ካለን፣ እኛም ሽማግሌዎቻችንን እንሸከም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ይዛችሁ ሂዱ። እናንተ አባቶችና እናቶች፣ «እኔ አርጅቻለሁ» ብላችሁ መጽሐፉን አትጠፉ፤ ዳንኤል አላጠፈውም። እናንተ በአርባና በሃምሳ ዓመት ያላችሁ፣ በዚህ ሳምንት ግፊታችሁን ተለኩ፤ ጎተራችሁን ሙሉ። እናንተ ወላጅ ያላችሁ ልጆች፣ ዛሬ ቤት ስትገቡ ለእናታችሁ «አረፍ በይ» አትበሏት። ሙቀጫውን ስጧት። ረከቦቱን አውጡላት። ገንዘብ ስጧትና ትቁጠረው። ቁልፉን ስጧት። አገር ቤት ያላችሁም ደውሉና «ደህና ነሽ?» ብላችሁ ብቻ አትዝጉ፤ «እማዬ፣ ያንን ታሪክ እንደገና ንገሪኝ» በሏት።

እንጸልይ።

አባት ሆይ፣ አእምሮን የፈጠርህ አንተ ነህ። በሙሉ አሳባችን እንድንወድህ ያዘዝኸንም አንተ ነህ። ያረጁትን አድስ፣ የደከሙትን አበርታ፣ ብቻቸውን የሚውሉትን ጎብኝ። በዚህ አገር በብረት በር ኋላ የተቀመጡ እናቶችን እኛ ረስተን ከሆነ ይቅር በለን። የረሱትንም አንተ አስታውስ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም። አሜን።

ተባረኩ።